የጣና ሠዓሊዎች ስማቸው የት ገባ?

ባለፈው ሰሞን በመኝታ ቤታችን አንድ ጨዋታ ተነሣ። ከመካከላችን አንዱ ወረቀትና እርሳስ ይዞ «የምታውቁትን ሠዓሊ ሁሉ ጥሩልኝ» አለ። ሊዮናርዶ ዳ ቪንቺ ተጠራ፤ ሚኬላንጄሎ ተከተለ፤ ቫን ጎህና ፒካሶም ብዙ ሳይቆዩ ደረሱ። አንድ ጓደኛችንማ ቫን ጎህ ጆሮውን የቆረጠበትን ታሪክ እስከ መጨረሻው ተረከልን። ከሀገራችን ደግሞ አፈወርቅ ተክሌ፣ ገብረ ክርስቶስ ደስታና እስክንድር ቦጎሲያን በወረቀቱ ላይ ሰፈሩ። ከዚህ በኋላ ጠያቂው እጁን ወደ መስኮቱ ዘርግቶ «እሺ፣ ከዚህ ሐይቅ አንድ ሠዓሊ ጥሩልኝ» ቢል ቤቱ ጸጥ አለ። ባሕር ዳር ተወልዶ ያደገው ጓደኛችን እንኳ አንድ ስም ሊያመጣ አልቻለም።

አባቶቻችን «በእጅ የያዙት ወርቅ ከመዳብ ይቆጠራል» ሲሉ የተረቱት ለእኛ ሳይሆን አይቀርም። ከከተማችን ወደብ በሞተር ጀልባ አንድ ሰዓት ያህል ብንጓዝ፣ ከጣራ እስከ ወለል በሥዕል የተሸፈነ ግድግዳ ፊት እንቆማለን። እኛ ግን ግድግዳውን የምናውቀው ቱሪስት ሲሄድበት በማየት ነው።

ይህን ጽሑፍ ያዘጋጀነው እኛ የአርት ፋኩልቲ ተማሪዎች የሥዕል ሊቃውንት ስለ ሆንን አይደለም። ያን ዕለት ያደረብን እፍረት ስላላስቀመጠን ጥቂት መጻሕፍት አገላበጥን፤ ወደ ዘጌም ተሻገርን፤ ያገኘነውን ለጓደኞቻችን እናካፍላለን። በማባዣ በሚባዛው መጽሔታችን ሥዕል ማተም ስለማይቻል በቃል ለማሳየት እንሞክራለን። ዓመታቱንም የምንጠቅሰው በአውሮፓ አቆጣጠር መሆኑን አንባቢ እንዲያውቅልን እንለምናለን።

ሐይቁ የሥዕል ቤት የሆነበት ምክንያት

ጣና የሀገራችን ትልቁ ሐይቅ ነው። ስፋቱ 3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል ሲሆን 37 ደሴቶች እንዳሉት ይነገራል። በ14ኛው መቶ ዓመት ገደማ መነኮሳት በደሴቶቹ ላይ ገዳማት አቋቋሙ። ገዳም ባለበት መጽሐፍ አለ፤ መጽሐፍ ባለበት ጸሐፊ አለ፤ ጸሐፊ ባለበትም ብራናውን በሐረግና በሥዕል የሚያስጌጥ ሰው አይታጣም።

ሁለተኛው ምክንያት ውሃው ራሱ ነው። ውሃ አጥር ነው። ከ1529 እስከ 1543 በተካሄደው የግራኝ አሕመድ ጦርነት በደጋው ምድር ብዙ አብያተ ክርስቲያናት ከነንብረታቸው ሲቃጠሉ፣ በጣና ደሴቶች ከዚያ ዘመን የቀደሙ መጻሕፍትና ሥዕሎች ተርፈዋል። ነገሥታቱም ንዋያቸውን ብቻ ሳይሆን ዐፅማቸውን ጭምር ለዚህ ሐይቅ አደራ ሰጥተዋል፤ የዐፄ ዘርዐ ያዕቆብና የዐፄ ፋሲል ዐፅም በዳጋ እስጢፋኖስ ገዳም ይገኛል።

ስሙን የጻፈው ሠዓሊ

በዚሁ በዳጋ እስጢፋኖስ በእንጨት ገበታ ላይ የተሣለ አንድ የእመቤታችን ሥዕል አለ። ልጇን ታቅፋለች። ይህን ሥዕል ከሌላው ሁሉ የሚለየው ውበቱ ብቻ አይደለም፤ የሠዓሊው ስም በግዕዝ ተጽፎበታል። ስሙም ፍሬ ጽዮን ነው። በዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ዘመን፣ ማለት ከ1434 እስከ 1468 ባለው ጊዜ ውስጥ የኖረ ሰው ነው።

ፍሬ ጽዮን በዚያ ዘመን መነሣቱ ያለ ምክንያት አይደለም። ዘርዐ ያዕቆብ የእመቤታችንን በዓላት 33 አድርጎ የደነገገ፣ ተአምረ ማርያም በየቤተ ክርስቲያኑ እንዲነበብ ያዘዘ፣ ሕዝቡም ለሥዕሏ ክብር እንዲሰጥ ያስገደደ ንጉሥ ነው። ሥዕለ ማርያም ለእያንዳንዱ ደብር የምታስፈልግ ስትሆን የሚሥላት እጅም አስፈለገ።

አሁን ልብ በሉልን። ስም የተጻፈበት ሥዕል አንድ ነው። ነገር ግን ሊቃውንት ያንን አንዱን ሥዕል ይዘው ዐይኑ እንዴት እንደ ተሣለ፣ የልብሱ እጥፋት በምን ዓይነት መስመር እንደ ወረደ፣ የመላእክቱ ክንፍ ስንት ቀለም እንዳለው መርምረው በልዩ ልዩ ስፍራ የሚገኙ ሌሎች ሥዕሎችን ከዚሁ እጅ ወይም ከተማሪዎቹ እጅ የወጡ ናቸው ለማለት በቅተዋል። አንድ ስም ብዙ ሥዕሎችን ከጨለማ አወጣ ማለት ነው። ማሪሊን ሄልድማን የተባሉ አሜሪካዊት ሊቅ ስለ ፍሬ ጽዮን ሥዕሎች ሙሉ መጽሐፍ ጽፈው በ1994 በጀርመን ሀገር አሳትመዋል። ሠዓሊው የእኛ፣ ጸሐፊዋ የአሜሪካ፣ ማተሚያ ቤቱ የጀርመን መሆኑን ስናስተውል ደስ ሊለንም ሊያሳፍረንም ይገባል።

በዚህ ላይ አንድ ነገር አለ። ዳጋም ሆነ ክብራን ገብርኤል ሴት የማይገባባቸው ገዳማት ናቸው። ስለዚህ እህቶቻችን የፍሬ ጽዮንን ሥዕል በዐይናቸው ሊያዩት አይችሉም። የገዳሙን ሥርዓት ልንነቅፍ አልተነሣንም፤ ነገር ግን ለእነርሱ ያለው መንገድ ጥሩ ፎቶግራፍ ብቻ ከሆነ፣ ያ ፎቶግራፍ በቤተ መጻሕፍታችን መደርደሪያ ላይ ሊገኝ ይገባዋል።

ከባሕር ማዶ የመጣው ነገር

አንዳንድ ጓደኞቻችን «የቤተ ክርስቲያን ሥዕል ከጥንት እስከ ዛሬ አንድ ዓይነት ነው፤ ሠዓሊው የቀድሞውን ከመገልበጥ ሌላ ምን ሠራ?» ይላሉ። ይህ ስሕተት ነው። ታሪኩ የሚያስረዳን የጣናና የጎንደር ሠዓሊዎች ከሩቅ የመጣውን እየመረጡ የተቀበሉ፣ ተቀብለውም የራሳቸው ያደረጉ መሆናቸውን ነው።

በ15ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ ገደማ ኒኮሎ ብራንካሌዮን የሚባል የቬኒስ ሰው ወደ ሀገራችን መጥቶ ብዙ ዘመን ኖረ። እዚህ መርቆሬዎስ ተባለ፤ በጎጃም የዋፋ ኢየሱስን ቤተ ክርስቲያን ግድግዳ የሣለው እርሱ ነው። ሕፃኑን ኢየሱስን በእናቱ ግራ ክንድ ላይ አድርጎ ስለ ሣለ ሕዝቡ ግራ የውርደት ጎን ነው ብሎ እንደ ተቆጣ ይተረካል።

ከአንድ መቶ ዓመት በኋላ ደግሞ የኢየሱሳውያን ሚሲዮናውያን መጡ፤ አባ ፔድሮ ፓኤዝ በ1603 ገብተው በሐይቁ ሰሜን ዳር በጎርጎራ ተቀመጡ። ይዘዋቸው ከመጡት ነገሮች አንዷ ሮማ በሳንታ ማሪያ ማጆሬ ቤተ ክርስቲያን የምትገኘው የእመቤታችን ሥዕል ቅጅ ናት። በዚህች ሥዕል እመቤታችን ሕፃኑን በግራ ክንዷ ታቅፋ፣ ቀኝ እጇን በግራዋ ላይ አቋርጣ፣ ሁለት ጣቶቿን ዘርግታ፣ በግራ እጇ መሐረብ ይዛ ትታያለች። ከ1632 ጀምሮ ዐፄ ፋሲል ሚሲዮናውያኑን ከሀገር አስወጡ፤ ሥዕሏ ግን ቀረች። ዛሬ በየትኛውም የጎጃም ወይም የጎንደር ደብር ምስለ ፍቁር ወልዳ የምትባለውን ሥዕል ብታዩ ያቺን የተቋረጠች እጅ፣ እነዚያን ሁለት ጣቶች፣ ያንን መሐረብ ታገኛላችሁ። አንድ ጊዜ ቁጣ ያስነሣው ግራ ክንድ ኋላ ወግ ሆነ። በ1591 ሮማ ላይ በዐረብኛ የታተመ ባለ ሥዕል ወንጌልም በዚሁ መንገድ የጎንደር ሠዓሊዎች እጅ ገብቶ፣ የእንጨት ቅርጽ ሥዕሎቹን በራሳቸው ቀለምና በራሳቸው ፊት እየለወጡ ሠርተውባቸዋል።

የጎንደርን ዘመን ሥዕል ሊቃውንት በሁለት ይከፍሉታል። የመጀመሪያው በ17ኛው መቶ ዓመት ሁለተኛ አጋማሽ የተሠራው ሲሆን ከሰዎቹ በስተጀርባ ያለው ባዶ ቦታ አንድ ወጥ ቀለም የተቀባ ነው፤ ፊቱም ጥላ የለውም ማለት ይቻላል። ሁለተኛው ከ1730ዎቹ ወዲህ በእቴጌ ምንትዋብ ዘመን የደመቀው ነው። የበስተጀርባው ቀለም ከቢጫ ወደ አረንጓዴ ወይም ወደ ቀይ እየደበዘዘ ይሄዳል፤ ጉንጭና አንገት ጥላ ያገኛሉ፤ ልብሱም በቤተ መንግሥት እንደሚለበሰው ጥልፍና አበባ የሞላበት ነው። ይህን ለማየት የፈለገ፣ ሴትም ትሁን ወንድ፣ በደቅ ደሴት እቴጌዪቱ ወዳሠሩት ወደ ናርጋ ሥላሴ ይሂድ።

ግድግዳውን እንዴት እናንብበው?

በሐይቁ ዙሪያ ካሉት አብያተ ክርስቲያናት ብዙዎቹ ክብ ናቸው። ከውጭ ወደ ውስጥ ቅኔ ማኅሌት፣ ቅድስት፣ መቅደስ ተብለው በሦስት ይከፈላሉ። መካከል ላይ ያለው መቅደስ አራት ማዕዘን ነው፤ ሥዕሉ ያለው በእርሱ አራት ግድግዳዎች ውጫዊ ፊት ላይ ነው። ስለዚህ ተመልካቹ እየዞረ ያያል፤ መጽሐፍ እንደሚገልጥ ሰው ነው። ማንበብ ለማይችል ሕዝብ ይህ ግድግዳ በእርግጥ መጽሐፍ ነበር።

በኡራ ኪዳነ ምሕረትና በአዝዋ ማርያም ስንዞር የተማርናቸውን ጥቂት ምልክቶች እነሆ። በበሮቹ ግራና ቀኝ ሰይፍ የመዘዙ ሊቃነ መላእክት ይቆማሉ፤ ዘበኞች ናቸው። ጻድቅ ፊቱን ወደ እኛ መልሶ በሁለት ዐይኑ ያያል፤ ሰይጣንና ክፉ ሰው ግን በጎን ተሥሎ አንድ ዐይን ብቻ ይታይበታል። ይህን ያወቀ ሰው ታሪኩን ባያውቅም ማን ከማን ወገን እንደ ሆነ ወዲያው ይለያል።

ከሁሉ ይልቅ ዐይናችንን የያዘው የበላዔ ሰብእ ታሪክ ነው። 78 ነፍስ የበላ ሰው በእመቤታችን ስም ለለመነው ለምጻም አንድ ጥርኝ ውሃ ያጠጣል። ሲሞት ኃጢአቱና ውሃው በሚዛን ይቀመጣሉ። እመቤታችን ጥላዋን በውሃው ላይ ብታሳርፍ ሚዛኑ ወደ ምሕረት ያጋድላል። አንድ ሠዓሊ ይህን ሁሉ በአንድ ክንድ ቦታ ውስጥ አግብቶ፣ ነፍሰ በላው ሰው ራሱ በሚዛኑ ፊት ሲንቀጠቀጥ አሳይቶናል።

ሠዓሊዎቹ የራሳቸውንም ዘመን አልደበቁም። በ19ኛው መቶ ዓመት በተሣሉ ሥዕሎች ውስጥ የጥንት ወታደሮች ጠመንጃ ታጥቀው ይታያሉ። ሠዓሊው ጠመንጃ በዚያ ዘመን እንዳልነበረ አላወቀም ብላችሁ አትሳቁ፤ ክፋትን በሚያውቀው ልብስ ማልበሱ ነው።

የአሠራሩም ነገር መታወቅ አለበት። ብዙዎቹ ሥዕሎች በቀጥታ በግድግዳው ላይ የተሣሉ አይደሉም። በጥጥ ጨርቅ ላይ ተሥለው ጨርቁ በሙጫ በግድግዳው ላይ የተለጠፈ ነው። ይህን ነገር ያዙልን፤ ዝቅ ብለን እንመለስበታለን።

ስም ያጣው ማን ነው?

በብዙ ሥዕሎች ግርጌ አንድ ሰው ተደፍቶ ወይም እጁን ዘርግቶ ይታያል። ይህ ሥዕሉን ያሣለው ባለጸጋ ነው፤ በአጠገቡም ስሙ ተጽፎ እንዴት እንደ ተማፀነ ይነገራል። በናርጋ ሥላሴ እቴጌ ምንትዋብ በእመቤታችን እግር ሥር ተደፍተው ተሥለዋል። ቀለሙን የገዛው ስም አለው፤ ቀለሙን የቀባው ስም የለውም።

ምክንያቱን ብንጠይቅ መልሱ ሁለት ነው። አንደኛው ትሕትና ነው። ሠዓሊው ብዙ ጊዜ የቤተ ክርስቲያን ተማሪ፣ ደብተራ ወይም ካህን ነው፤ ሥራው እንደ ጸሎት ስለሚቆጠር ስሙ በላይኛው መዝገብ ከተጻፈ ይበቃዋል። ሁለተኛው ግን እንዲህ ያማረ አይደለም። በሀገራችን በእጁ የሚሠራ ሰው፣ ሸማኔም ሆነ ቀጥቃጭ፣ ስሙ በክብር የሚጠራበት ልማድ አልነበረም። ሠዓሊው ቀለም ቆጥሮ ፊደል ስለ ለየ ከነርሱ ይሻል ነበር እንጂ ከዚህ ልማድ ፈጽሞ አላመለጠም።

አሁን ወደ ጨርቁ እንመለስ። በ1932 በማርሴል ግሪዮል የሚመራው፣ ከዳካር ተነሥቶ እስከ ጅቡቲ የተጓዘው የፈረንሳይ የጥናት ቡድን ጎንደር ደረሰ። በአባ እንጦንዮስ ቤተ ክርስቲያን ያሉትን ሥዕሎች ተመለከተ፤ ወደዳቸውም። ለቤተ ክርስቲያኑ አዲስ ሥዕል እንተካለን ተብሎ፣ ጋስቶን ሉዊ ሩ የተባለው የቡድኑ ሠዓሊ ቅጅ ሠራ። አሮጌው ሥዕል በጨርቅ ላይ የተሣለ ስለ ነበረ ከግድግዳው ተላቅቆ ወደ ፓሪስ ተጫነ። ዛሬ በኬ ብራንሊ ሙዚየም ይገኛል።

በዚህ ታሪክ ውስጥ የቡድኑ መሪ ስም ታውቋል፤ ጉዞውን በማስታወሻ የያዘው የሚሼል ሌሪስ ስም ታውቋል፤ መጽሐፉም በ1934 ታትሟል። ቅጁን የሠራው ሰው እንኳ ስሙ ታውቋል። ዋናውን የሣለው ግን አልታወቀም። ንብረታችን ሄደብን ብለን የምንጮኽ እኛ፣ «የማን ሥዕል ነው?» ብንባል የምንመልሰው የለንም።

በዘጌ የገጠመን

ወደ ዘጌ በሄድንበት ዕለት ከአብያተ ክርስቲያናቱ በአንዱ ውስጥ አንድ ሽማግሌ ካህን አስጎበኙን። ከመቅደሱ በአንዱ ወገን ያለው ሥዕል ከቀሩት አዲስ መሆኑን አይተን «አባታችን፣ ይህን ማን ሣለው?» ብለን ጠየቅናቸው። እርሳቸውም «በእኔ ልጅነት የተሣለ ነው። ሠዓሊው አንድ ክረምት እዚሁ ከርሟል፤ ቡና ስንወስድለት ትዝ ይለኛል። ስሙን የሚያውቁት መምሬ ግን ባለፈው ዓመት ዐረፉ፤ ቀደም ብላችሁ ብትመጡ ይነግሯችሁ ነበር» አሉን።

ልጆቼ፣ ዘገያችሁ ማለታቸው ነው። የዘገየነውም በአምስት መቶ ዓመት ሳይሆን በአንድ ዓመት ነው።

ከዚያው ግድግዳ ዝቅተኛው ክፍል ላይ ሌላ ጽሑፍ አየን። አንድ ጎብኚ ስሙን በምስማር ፍቆ ጽፏል። ከሥሩም የትምህርት ቤት ክፍሉን ጨምሮበታል፤ እንግዲህ እንደ እኛው ተማሪ ነው። ያን ሁሉ ቅዱሳን የሣለው ሰው ስሙን ለማስቀመጥ አንድ ጣት ቦታ አልወሰደም፤ ምንም ያልሣለው ሰው ግን በቅዱሱ እግር ላይ ስሙን ቀረጸ።

ወራሾቹ

የጣናና የጎንደር አሣሣል ሞቶ አልተቀበረም። ጎንደር ተወልደው ፓሪስ በቦዛር የተማሩት አገኘሁ እንግዳ ከጣልያን ወረራ በፊት ተመልሰው አዲሱን አሣሣል ካስጀመሩት አንዱ ናቸው። በ1957 የአዲስ አበባን ሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት ያቋቋሙት አለ ፈለገ ሰላም አሜሪካ ቺካጎ ተምረው ቢመጡም ከቤተ ክርስቲያን ሠዓሊዎች ቤተሰብ የወጡ ናቸው። ጎጃም ቢቸና የተወለዱት ቄስ አዳሙ ተስፋው ደግሞ በቤተ ክርስቲያን ትምህርት አድገው፣ አዲስ አበባ ገብተው በባህላዊው አሣሣል ሲሠሩ ኖረው፣ በ2004 ሎስ አንጀለስ በሚገኘው ፋውለር ሙዚየም ስለ ሕይወታቸውና ስለ ሥራቸው ሙሉ ኤግዚቢሽን ተዘጋጅቶላቸዋል። እኒህ ሰዎች ስም ያላቸው መሆኑ አንድ ነገር ያስተምረናል፤ ጠይቆ የሚጽፍ ሰው ሲገኝ ስም አይጠፋም።

እንግዲህ ምን እናድርግ?

ብዙ ገንዘብ የሚጠይቅ ነገር አናቀርብም። አንደኛ፣ ከመካከላችን ብዙዎች ለዕረፍት ወደየሀገራችን እንበተናለን። እያንዳንዳችን በደብራችን ያለውን ሥዕል ማን እንደ ሣለው፣ መቼ እንደ ሣለው፣ ማን እንዳሣለው ሽማግሌዎችን ጠይቀን በአንድ ወረቀት ጽፈን ብንመለስ፣ በሚመጣው ዓመት የስም መዝገብ ይኖረናል። ሁለተኛ፣ በየኪሳችን የያዝነውን የእጅ ስልክ ካህናቱን አስፈቅደን፣ ብልጭታውን አጥፍተን ሥዕሉንና በሥዕሉ ላይ ያለውን ጽሑፍ ለማንሣት እንጠቀምበት፤ ፎቶግራፉንም ለቤተ መጻሕፍት እንስጥ። ሦስተኛ፣ በማናቸውም ግድግዳ ላይ ስማችንን አንጻፍ፤ ሲጽፍ ያየነውንም አንለፈው።

«ሠዓሊው ስሙን ራሱ ከሸሸገ እናንተ ምን አገባችሁ?» የሚለን አይጠፋም። ይህን ጥያቄ እኛም ስንከራከርበት ሰንብተናል። መልሳችን ይህ ነው፤ እነርሱ ስማቸውን የተዉት በትሕትና ነው፤ እኛ ያላወቅነው ግን ባለመጠየቅ ነው። የእነርሱን ምግባር ለእኛ ስንፍና መሸፈኛ ልናደርገው አይገባም።

በዘጌ ቡና የወሰዱለት ሽማግሌ ዛሬም አሉ። ስሙን ባያውቁት መልኩን፣ የመጣበትን ሀገር፣ የተቀመጠበትን ቤት ያውቃሉ። «ሳይደርቅ በእርጥቡ፣ ሳይርቅ በቅርቡ» ነውና፣ በሚመጣው ቅዳሜ ጠዋት ደብተር ይዘን እንደገና ወደ ዘጌ እንሻገራለን። አብሮን የሚሄድ ቢኖር ከወደቡ እንገናኝ።